ስለ አንድ ዳሌ የተሟገተችው ወጌሻ

ብርነሽ ደገፉ ሰውን የምታውቀው በፊቱ ሳይሆን በአረማመዱ ነበር። ከዳሞታ ተራራ ወደ ሶዶ ገበያ የሚወርደው መንገድ በደጇ ያልፋል። እሷም እንሰቱ ሥር በርጩማዋን አስቀምጣ፣ አላፊ አግዳሚውን ከወገቡ በታች ትመለከታለች። «ያ ሰውዬ ግራ ጉልበቱ ሊከዳው ነው» ትላለች። «ያቺ ሴትዮ ከወለደች ወዲህ ወገቧ አልተመለሰም፤ ማነው በአራስነቷ እንጨት ያሸከማት?» ከዚያ ትቆጣለች። የምትቆጣው ግን የሚያነክሰውን ሰው ሳይሆን ያሸከመውን ነው። ጎረቤቶቿ «እሳቷ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ፊት ለፊቷ ግን ደፍሮ የጠራት የለም።

ብርነሽ ወጌሻ ነበረች። አባቷ ደገፉ ከሰሜን ከመጣው ጦር ጋር ወላይታ የገባ፣ የበቅሎና የፈረስ ስብራት የሚጠግን ሰው ነው። ሰው ሲሰበርም ያው እሱው ይጠራ ነበር። ብርነሽ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ከበቅሎ ወድቃ ቀኝ ዳሌዋን ተመታች። አባቷ አጥንቷ የተሰበረ መሰለውና ከብብቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በቀርከሃ ጠፍሮ አራት ወር ሙሉ አስተኛት። አጥንቷ ግን አልተሰበረም ነበር። እስራቱ ሲፈታ የቀኝ ዳሌዋ ጎን ሟሽሾ፣ ጣት ቢያስገቡበት የሚሰምጥ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። በቀኝ እግሯ በቆመች ቁጥር ግራ ወገቧ ዘጭ ይላል፤ እንዳትወድቅም ደረቷን ወደ ቀኝ ትጥላለች። የሰፈሩ ልጆች እንደ ዳክዬ እየተንገዳገዱ ከኋላዋ ይከተሏት ጀመር።

አባቷ «እግዜር ያመጣው ነው» ብሎ ዝም አለ። እሷ ግን ዝም አላለችም። በግራ ጎኗ እየተኛች ቀኝ እግሯን ወደ ላይ ማንሣት ጀመረች። መጀመሪያ አንድ ስንዝር እንኳ አልነሣ አላት። አለቀሰች፣ ተሳደበች፣ ደግማ ሞከረች። በሁለተኛው ዓመት ቀጥ ብላ ወደ ገበያ ወረደች። አባቷ ስህተቱን ሳያምን ሞተ። ተዝካሩን አውጥታለታለች፤ ይቅር ግን አላለችውም።

ሙያውን ወረሰች። ባል አግብታም ነበር። «ሴት ልጅ የሰው ገላ ስትዳብስ አትውልም» ሲላት፣ ልብሷን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ኖረች።

በ1926 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ በዋለበት በአንዱ ጠዋት፣ አራት ሰዎች አንድ ጎልማሳ በቃሬዛ ተሸክመው ደጇ ደረሱ። አንጁሎ ይባላል፤ የግራዝማች ሰብስቤ ገባር ነው። ሚስቱ የባሳ እናት ሕፃኗን አዝላ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። ግራዝማቹ በዚያ ዓመት ከከተማው ከፍ ብሎ ትልቅ ቤት ያሠሩ ስለነበር፣ ገባሮቻቸው በሙሉ ከዳሞታ ጫካ የዝግባ ግንድ እንዲያወርዱ ታዘዋል። አንጁሎ ግንዱን በግራ ትከሻው አድርጎ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግራ እግሩ ጭቃው ላይ አዳለጠው። የሰውነቱም የግንዱም ክብደት አንድ ላይ ቀኝ እግሩ ላይ አረፈ። ዳሌው ወደ ውጭ ሲገፋ፣ ከጎኑ እርጥብ ልጥ የተቀደደ ያህል ተሰማው። ከዚያ ወዲያ በዚያ እግር መቆም አልቻለም።

ብርነሽ ጋቢውን ገለጠች። በዳሌው ጎን ላይ ሰባት ቦታ በጋለ ብረት ተተኩሷል፤ ቁስሉ መግል ይዟል።

«ማነው ይኼን ያደረገ?»

«ወኪሉ ያመጣው ሰውዬ ነው» አለች የባሳ እናት። ወኪሉ የግራዝማቹን ገባሮች የሚያሠራው ዓምደሚካኤል ነው። «በሽታው በእሳት ይወጣል አለን።»

«ምን በሽታ አለበትና! ጡንቻው ነው የተቀደደው! የተቀደደ ሸማ በእሳት ይሰፋል?» ብላ ጮኸች። ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ።

እጇ ግን እንደ አፏ አልነበረም። የሁለት እግሮቹን ርዝመት ለካች፤ እኩል ነው። ተረከዙን በጡጫዋ ቀስ አድርጋ መታች፤ አጥንቱ ውስጥ ሕመም አልተሰማውም። ከዚያ በጎኑ ከዳሌው አጥንት በታች ጣቷን ስታሳርፍ አንጁሎ ጥርሱን ነከሰ።

«አጥንትህ ደህና ነው። ነገሩ እዚህ ነው» አለችው።

የተተኮሰውን ቁስል በፈላና በበረደ ውሃ አጥባ ማር ቀባችው። በደህናው ጎኑ አስተኝታ፣ በጉልበቶቹ መካከል የተጠቀለለ ጋቢ አስገባች፤ የታመመው እግር ወደ ውስጥ ወድቆ ጡንቻውን እንዳይጎትተው ነው። የባሳ እናት ከቤቷ ይዛው የመጣችውን ቅቤ አወጣች።

«እሜቴ፣ አታሺውም?»

«ትኩስ ቁስል ይታሻል? ቅቤውን ራሱ ይብላው። ለዐሥር ቀን ማንም እንዳይነካው፤ ማንም! እግሩን እንዳያጣምር፤ በታመመው ጎኑም እንዳይተኛ።»

የባሳ እናት ነገሩ እንዳልገባት ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ብርነሽ ይህን ስታይ የሴትዮዋን እጅ ይዛ፣ እዚያው በሴትዮዋ በራሷ ዳሌ ጎን ላይ አስቀመጠችው።

«በይ፣ በዚያኛው በኩል ያለውን እግርሽን ከመሬት አንሺ።»

አነሣች።

«ከእጅሽ በታች ምን ሆነ?»

«ጠነከረ። እንደ ድንጋይ ሆነ።»

«እሱ ነው። እግርን ወደ ውጭ የሚከፍተው እሱ ነው። ዋናው ሥራው ግን መክፈት አይደለም፤ መያዝ ነው። ሰው ሲራመድ በየእርምጃው በአንድ እግሩ ብቻ ይቆማል። ያኔ ይኼ ጡንቻ ወገብን ጨብጦ ካልያዘ፣ ያኛው ወገን ይወድቃል። ሸክሙ በግራ ትከሻ ሲሆን ደግሞ የቀኙ ዳሌ የባሰ ይሠቃያል፤ የሚይዘው ሰውየውንም ግንዱንም ነዋ! ባልሽ ስንት ወር በግራ ትከሻው ብቻ ተሸከመ?»

«ከጥር ጀምሮ» አለ አንጁሎ ከተኛበት። «ቀኝ ትከሻዬ ቆስላለች፤ ስለዚህ በግራ ብቻ።»

«ከጥር ጀምሮ!» ብርነሽ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ፊቷን ወደ ዳሞታ አዙራ የማንንም ስም ሳትጠራ ለረጅም ጊዜ ተሳደበች።

አንጁሎ እሷው ግቢ፣ የበቅሎዋ ጋጣ አጠገብ ባለችው ጎጆ ተኛ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሥራ አስጀመረችው። ጉልበቶቹን በነጠላ አስራ «እግርህን ሳታንቀሳቅስ ነጠላውን ወደ ውጭ ግፋ፤ ዐሥር እስክቆጥር ያዝ፤ ልቀቅ» አለችው። ሕመሙ ሲለቀው በግራ ጎኑ አስተኝታ፣ ቀኝ እግሩን ጉልበቱን ሳያጥፍ ቀጥ አድርጎ እንዲያነሣ አዘዘችው። አንጁሎ አፈረ።

«እሜቴ፣ እንዲህ እግር የሚያነሣ ውሻ ነው።»

«ውሻ ሲያነክስ አይተህ ታውቃለህ? አንሣ! የእግርህ ጣት ወደ ሰማይ አይይ፤ ወደ ፊት ይይ። ወደ ኋላ አትንከባለል፤ ስትንከባለል የሚሠራው የጭንህ ፊት ነው፤ ያኛው ሰነፍ ተኝቶ ያይሃል።» ዳሌው ወደ ኋላ ዘንበል ባለ ቁጥር በመዳፏ ጀርባውን ትመታዋለች። «ቀስ ብለህ አውርድ! ማውረዱ ነው ሥራው፤ መወርወር ማንም ይወረውራል።»

መቆም ሲጀምር ሰዎች ምርኩዙን በታመመው በኩል በቀኝ እጁ አስያዙት። ነጥቃ በግራ እጁ አስያዘችው።

«ሁሉም ሰው እንዲህ አይይዝም» አለ አንጁሎ።

«ሁሉም ሰው ተሳስቷል። የቀኝ ዳሌህ ሲደክም የሚወድቀው ግራ ወገንህ ነው፤ ደግፈው እንግዲህ!»

አንጁሎ ሄዶ ሞከረው። ሕመሙ ቀለለ። ወደ እሷ ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። እሷ ግን አልሳቀችም። የዚያን ዕለት ወኪሉ ዓምደሚካኤል ከበሩ ውጭ በቅሎው ላይ ተቀምጦ ያይ እንደነበር አይታለች።

«እንግዲህ ቆመ» አለ ዓምደሚካኤል። «ሰኞ ጫካ ይውጣ።»

«በምርኩዝ ነው የቆመው፤ አልታየህም?»

«አጥንቱ አልተሰበረም ብለሻል አሉ።»

«አልተሰበረም አልኩ እንጂ ዳነ አልኩ? የተቀደደ ጡንቻ ከላይ ይገጥማል፤ ውስጡ ግን ገና ጥሬ ነው። አሁን ከተሸከመበት ከበፊቱ በባሰ ይቀደዳል፤ ያን ጊዜ እንኳን ግንድ የራሱን ገላ አይሸከምም። ሁለት ወር ስጠው።»

«ግራዝማች ቤታቸውን ለመስከረም ይፈልጋሉ። የአንድ ገባር ቂጥ እስኪጠግን አይጠብቁም።»

ብርነሽ ወደ እሱ ሄደች። የበቅሎውን ልጓም ያዘች። «ከደጄ ሂድልኝ» አለችው፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። የሚያውቋት ሁሉ ከጩኸቷ ይልቅ ያን ድምፅ ይፈሩታል። ዓምደሚካኤል የምትለውን ያልሰማ መስሎ በቅሎውን አዙሮ ሄደ።

በሳምንቱ ከቦዲቲ ክንዱ የተሰበረ ሰው አለ ብለው ጠሯት። በቅሎዋን ጭና ሄደች፤ ሁለት ቀን ቆየች። ስትመለስ ጎጆዋ ባዶ ነው። የባሳ እናት ደጅ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ወሰዱት» አለች። «ዓምደሚካኤልን እሜቴ ስትመጣ ትቆጣለች አልኩት። ቤትሽን እናፈርሳለን አለኝ።»

ብርነሽ ከበቅሎዋ ሳትወርድ ወደ ዳሞታ አቀናች። ግማሽ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። አንጁሎ የዝናብ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ዳር በሆዱ ተኝቷል። ግንዱ ከጎኑ ወድቋል፤ ሌሎቹ ተሸካሚዎች ቆመው ዝናቡ ይወርድባቸዋል። ሊያነሡት ሲሞክሩ ጮኸ። ብርነሽ ወርዳ ጎኑን ዳሰሰች። አምስት ሳምንት ሙሉ ስንዝር በስንዝር የመለሰችው ሥጋ ከአጥንቱ ጫፍ ላይ ለቅቆ፣ ጣቷ ሰመጠ። ያንን ጉድጓድ ታውቀዋለች። በራሷ ገላ ላይ ነበር።

ተሸካሚዎቹ ታለቅሳለች ብለው ጠበቁ። «የቦዲቲው ክንድ ነበር» አለች በመጨረሻ። «የአንድ ሰው ክንድ ነበር፤ ሁለት ቀን ቢቆይ አይሞትም ነበር። ምን ሊያደርግልኝ ሄድኩ?» ከዚያ ተነሣች። «በጋቢ ያዙት። እግሩን ማንም እንዳይጎትት። ቤቴ አድርሱት።»

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ዓምደሚካኤል ከነጋዴው ከሊል ሱቅ ደጅ ቆሞ የምስማር ዋጋ ይከራከራል። ከሊል ከጉራጌ አገር የመጣ፣ በሶዶ ጨውና ብረታ ብረት የሚሸጥ ዝምተኛ ሰው ነው። ብርነሽ በሕዝቡ መካከል ቀጥ ብላ መጣችና የወኪሉን ኩታ ጫፍ ጨበጠች።

«በሕግ አምላክ! ቁም!»

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ከተንቀሳቀሰ ሕግ ጣሰ ይባላል። ዓምደሚካኤል ሊስቅ ሞከረ።

«አንቺ ሴት፣ ልቀቂኝ።»

«ዳኛ ፊት እለቅሃለሁ። ቆራኙን!»

ማንም ደፍሮ አልቀረበም። በመጨረሻ ከሊል ከሱቁ ወጣ። የብርነሽን ነጠላ ጫፍና የዓምደሚካኤልን ኩታ ጫፍ ያዘና ቋጠራቸው። «ሕግ ነው፣ ጌታው» አለ ለዓምደሚካኤል፣ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ። «የተጠራ ይቆራኛል።»

እንደዚህ ተሳስረው በጭቃው መንገድ ወደ ፍርድ አዳራሹ ወጡ። ዓምደሚካኤል ፈጠን ሲል እሷ ትጎተታለች፤ እሷ ስትቆም እሱ ይቆማል። ሕዝቡ ከኋላ ይከተላል።

ዳኛው ባላምባራስ ተክለጻድቅ በአዳራሹ በረንዳ ላይ ያስችሉ ነበር። አዛውንት ናቸው፤ ነገር መስማት እንጂ ጩኸት አይወዱም።

«ባልሽ የታለ?» አሉ።

«ፈት ነኝ፣ ጌታዬ። ስለ ራሴ እናገራለሁ። ዋሴ ከሊል ነው።»

ክሷን ተናገረች። ዓምደሚካኤል መልሱን ሰጠ፤ አነጋገር ያውቃል። «ጌታዬ፣ ሰውየው ሰነፍ ነው። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ይህን የተናገረችው ራሷ ናት። እግሩ አልተቆረጠም። ደም እንኳ አልፈሰሰውም። ሥራ ሲጠላ ተኛ፤ እሷም ደግፋ አስተኛችው።»

ብርነሽ አንጁሎን አስጠራች። በቃሬዛ መጣ። በሁለት ሰዎች ድጋፍ ቆመ።

«በሁለት እግሩ ቆሟል» አለ ዓምደሚካኤል። «ይኸው፣ ይታይዎ።»

«ልቀቁት» አለች ብርነሽ። «አንጁሎ፣ ግራ እግርህን አንሣ።»

አንጁሎ አነሣ። ግራ ወገቡ ዘጭ አለ፤ ገላው ተንጋድዶ ወደ ጎን ሲወድቅ ከሊል በብብቱ ያዘው።

«ማስመሰል ነው!» አለ ዓምደሚካኤል።

ያኔ ብርነሽ ወደ ዳኛው ዞረች። «ጌታዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ይነሡ። ቀኝ እጅዎን ቀኝ ዳሌዎ ጎን ላይ ያድርጉ። ግራ እግርዎን ከመሬት ትንሽ ያንሡ።»

ዳኛን እግርህን አንሣ ያለ ማን አለ? ባላምባራስ ተክለጻድቅ ግን ትንሽ አዩአትና ተነሡ። የበረንዳውን ቋሚ በግራ እጃቸው ይዘው እግራቸውን አነሡ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ዳሌያቸው ላይ ሲያርፉ ፊታቸው ተለወጠ።

«ጠነከረ» አሉ።

«አሁን እጅዎን የሱ ላይ ያድርጉ። በቃሬዛው ጋድም አድርጌው እግሩን እንዲያነሣ አዘዋለሁ። እግርን ማስመሰል ይቻላል፤ ከቆዳ ሥር ያለውን ሥጋ ግን ማንም አያስመስለውም።»

ዳኛው ቃሬዛው አጠገብ ጎንበስ አሉ። አንጁሎ በጎኑ ተኝቶ እግሩን ሊያነሣ ታገለ፤ ላብ ወረደው፤ እግሩ ከተኛበት አልተነሣም። ዳኛው በጎኑ ላይ የሚጠነክር ነገር አጥተው፣ ጣታቸው ሲሰምጥ እጃቸውን አነሡ። ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

ብርነሽ እዚህ ላይ ዝም ብትል ነገሩ ባማረ ነበር። ግን የአምስት ሳምንት፣ ምናልባትም የሠላሳ ዓመት ቁጣ ነበረባት። «ግራዝማች ሰብስቤ ቤታቸውን የሚያቆሙት በሰው ዳሌ ላይ ነው!» ብላ ጮኸች። «የተቀደደ ሥጋ ምሰሶ አይሆንም፤ ይፍረስባቸው!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ዓምደሚካኤል «ይመዝገብልኝ! ጌታዬን ረገመች!» አለ። ከሊል ዓይኑን ጨፈነ።

ባላምባራስ ተክለጻድቅ ፍርዳቸውን ሰጡ። አንጁሎ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከሸክም ይረፍ፤ ማንም እንዳይነካው። የግራዝማቹ ሥራ ግን እንዳይጎድል፣ ከቤቱ ሌላ ሰው ይተካ። ብርነሽም ባለማዕረግ ሰው ስለረገመች ድንጋይ ተሸክማ ግራዝማቹን ይቅርታ ትጠይቅ፤ እምቢ ካለች የአንጁሎ ዕረፍት ይቀራል።

«እኔ ነኝ ድንጋይ የምሸከመው?» አለች ብርነሽ። «እሱን የሰበረው ሰው እዚህ ቆሞ ድንጋዩን እኔ ነኝ የምሸከመው?»

ከሊል ጠጋ ብሎ በጆሮዋ «እትዬ ብርነሽ፣ ድንጋዩ የአንድ ቀን ነው፤ የሰውየው እግር የዕድሜ ልክ ነው» አላት።

በማግሥቱ ጠዋት በዝናብ፣ በጀርባዋ ድንጋይ ይዛ ወደ ግራዝማች ሰብስቤ ግቢ ገባች። አዲሱ ቤት ጣሪያ አልነበረውም፤ የዝግባ ምሰሶዎቹ ራቁታቸውን ቆመዋል። ግራዝማቹ ዳስ ሥር ቁርስ እየበሉ ነበር። ወዲያው አላነጋገሯትም። በልተው እስኪታጠቡ አቆሟት። ያ የልጅነት ዳሌዋ መቃጠል ጀመረ። ድንጋዩን ወደ ቀኝ ትከሻዋ አዞረችው፤ ሸክም በደካማው ዳሌ በኩል ሲሆን ለዚያ ዳሌ እንደሚቀል ታውቃለች። ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

«ምን ልትይ መጣሽ?» አሏት በመጨረሻ።

«ስለ አፌ ይቅር ይበሉኝ።»

«ስለ ልብሽስ?»

«ዳኛው የፈረዱብኝ ስለ አፌ ነው።»

ግራዝማቹ አፈጠጡባት። ዓምደሚካኤል አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ፤ ግራዝማቹ በእጃቸው አቆሙት። ግቢው ሙሉ ሰው እያየ ነው፤ ይቅርታ የጠየቀን ሰው መምታት ለስማቸው አያምርም። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ እየተጠየፉ። ብርነሽ ድንጋዩን በእግራቸው ሥር ጣለችው። ከግቢው ስትወጣ አላነከሰችም፤ ከበሩ ካለፈች በኋላ ግን አጥሩን ተደግፋ ዳሌዋን ለረጅም ጊዜ ያዘች።

ቁጣዋ ገና አላለቀም ነበር። በዚያው ሳምንት ከበርጩማዋ ላይ ሆና የባሳ እናትን አየቻት፤ ሕፃኑን ከፊት ታቅፋ፣ በጀርባዋ የጣሪያ ወራጅ እንጨት ተሸክማ በጭቃው ትወርዳለች። «ከቤቱ ሌላ ሰው ይተካ» ያሉት ዳኛ ያሰቡት ይህን ይሁን አይሁን እንጃ፤ ዓምደሚካኤል ግን እንዲህ ተረጎመው።

ብርነሽ መንገዱ መካከል ገብታ እንጨቱን ከሴትዮዋ ጀርባ ላይ አወረደች። ከዚያ በቅሎዋን ከጋጣ አወጣችና ለተሸካሚዎቹ አለቃ ገመዱን ሰጠችው። «ይኼ የአንጁሎ ቤት ሰው ነው። ከሴትዮዋ እጥፍ ይሸከማል። ዓምደሚካኤል አልቀበልም ካለ ዳኛ ፊት ዳግመኛ እንቆራኛለን በለው።»

ዓምደሚካኤል በቅሎውን ተቀበለ። ብርነሽ እስከ ጥቅምት ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ወደ በዴሳም፣ ወደ ቦዲቲም። በቅሎው ሲመለስ ጀርባው በኮርቻ ቁስል ተበልቶ ነበር። ቁስሉን እያጠበች የዓምደሚካኤልን ስም እየጠራች ረገመች፤ የሚሰማት በቅሎው ብቻ ስለነበረ ግን ለዚህኛው የከሰሳት የለም።

አንጁሎ በሁለተኛው ጊዜ ዘገየ። ሁለት ወር ሙሉ ነጠላውን ከመግፋት አላለፈም። ከዚያ እግር ማንሣቱ መጣ። ከዚያ በደጃፏ ድንጋይ ላይ በቀኝ እግሩ ብቻ እያቆመች፣ ግራ ወገቡን ቀስ ብሎ እንዲያወርድና መልሶ እንዲያነሣ ታስገድደዋለች፤ ሲደክመው ታሳርፈዋለች፣ ሲያመው ወደ ቀደመው ሥራ ትመልሰዋለች። ድካምና ሕመም የተለያዩ መሆናቸውን ስንት ጊዜ እንደጮኸችበት ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በመጨረሻ ጉልበቱን በነጠላ አስራ በእንሰቱ ረድፍ መካከል ወደ ጎን እንደ ሸርጣን አስኬደችው። የባሳ እናት እያየች ትስቃለች፤ ከዚያ ተነሥታ አብራው ትሄዳለች።

በኅዳር ያለ ምርኩዝ ሄደ። ሲደክመው ብቻ ወገቡ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ያቺ አልጠፋችም፤ ብርነሽም ትጠፋለች ብላ አልዋሸችውም። በዚያው ወር ወደ ሸክም ተጠራ።

ብርነሽ ልታስቀረው አልቻለችም። ፍርዱ እስከ ጥቅምት ነበር። ስለዚህ ጠዋት ተሸካሚዎቹ ወደ ዳሞታ ሲወጡ ደጇ ላይ ታስቆማቸው ጀመር። በሣሩ ላይ በጎናቸው አስተኝታ በየእግሩ ዐሥር ዐሥር ጊዜ ታስነሣቸዋለች። «በየወንዙ ትከሻ ለውጡ» ትላለች። «ግንዱን ሁለት ሁለት ሁናችሁ ያዙ። የጓደኛችሁ ወገብ ዘጭ ማለት ሲጀምር እስክትወርዱ አትጠብቁ፤ እዚያው አውርዱ!» ዓምደሚካኤል በቅሎው ላይ ሆኖ «እግር አስነሺዋ» ብሎ አፌዘባት። ተሸካሚዎቹ ግን በየማለዳው ቆሙ። በዚያ በጋ ሦስት ሰው ወድቆ ወደ ደጇ መጥቷል፤ አንዱም ግን እንደ አንጁሎ አልተቀደደም።

ቤቱ በሚያዝያ አለቀ፤ ጣሪያውም ቆርቆሮ ሆነ። አንጁሎ ከሚስቱ ጋር ለብርነሽ የእንሰት ሥርና አንድ ገንቦ ማር ይዞ መጣ። ከአጥሩ ጀምራ አረማመዱን ተመለከተች፤ ቀጥ ብሎ መጣ። ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «ግራ ትከሻህ ላይ ነው ዛሬም የተሸከምከው» አለችው። «የትከሻህ ሰንበር ያሳብቅብሃል።»

አንጁሎ ሳቀ። «እሜቴ፣ እኔ ድኛለሁ። አሁንም ትቆጪያለሽ?»

«አንተማ ዳንክ» አለችው ማሩን እየተቀበለች። «የኅዳሩ ግንድ ከሰኔው ግንድ ቀለለህ?»

«አልቀለለም» አለ።

«እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ? ተኛ፤ ዳሌህን ልየው።»